አንድ ጉንጭ ውሃ

ሃያ ምናምን ዓመት ተሸክሜው የኖርኩትን ነገር አንዲት ነርስ ባለፈው ኅዳር በአንድ ጥያቄ ዘረገፈችብኝ። እዚሁ ሱሉልታ ጤና ጣቢያ ነው። ሣር የሚታጨድበት ሰሞን ስለነበር ደረቴ እንደለመደው ተዘጋብኝ፤ ጎረቤቴ በባጃጅ ጭና አደረሰችኝ። ጭምብሉን አፍንጫዬ ላይ አድርገው በመድኃኒት እንፋሎት ካጠኑኝ በኋላ ትንሽ ቀና ስል ነርሷ ካርዴን አነሳች። ካርዴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቡናማው ፓፍ አይስማማትም» ተብሎ ተጽፏል። ፓፍ የሚሉት በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ነው፤ ጽሑፉም ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖሯል። «እማማ፣ አይስማማዎትም ያለው ማነው?» አለችኝ። «እኔ ራሴ ነኛ! አፌን አቆሰለው፣ ድምፄን በላው፤ ከዚህ በላይ ምን ይሁን?» አልኳት ተቆጥቼ። ልጅቷ ቁጣዬን ከቁምነገርም አልቆጠረችው። «ከሳቡት በኋላ አፍዎን በውሃ ይጉመጠመጡ ነበር?» አለች። «በጾም?» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መድኃኒቱ ሲሳብ ሁሉም ሳንባ አይደርስም፣ ግማሹ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ሲከርም አፍን ነጭ ያለብሳል፣ ድምፅንም ያሻክራል፤ ተጉመጥምጦ መትፋት ነበር እንጂ መተው አልነበረም አለችኝ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አውጥታ ቂጡን በመቀስ በሳች፣ የፓፉን አፍ እዚያ ሰካች፣ በጠርሙሱ አንገት በኩል ቀስ ብዬ እንድስብ አሳየችኝ። እንዲህ ሲሆን አፍ ላይ የሚቀረው ይቀንሳል ማለት ነው። «ልጄ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?» አልኳት። «ሃያ አራት»። «እኔ ይህን ሳላውቅ የኖርኩት አንቺ የኖርሽውን ያህል ነው» ስላት ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። የሰበታዋ ጓደኛዬ ጠጂቱ ትዝ አለችኝ።

ሐኪሞቹ አልነገሩኝም ብዬ ልዋሽ አልችልም። ያኔ ሰበታ መድኃኒቱን የሰጠኝ ሰውዬ «ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ ከዚያ መጉመጥመጥ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ነግሮኛል። ግን የገና ጾም ነበር። እኔ ደግሞ ጾም ስይዝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አፌ ውሃ አይነካም፤ እናቴ እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ፤ ጠዋት ፊታችንን ስንታጠብ እንኳ ከንፈራችንን ገጥመን ነው። የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ስለ ፓፉ ጠየቅሁ፤ «አየር ነው፣ አይገድፍም፣ ለነፍስሽ ሳቢው» አሉኝ። ስለ ውሃው ግን አልጠየቅሁም። የሚያውቁትን ነገር ቄስ ይጠየቃል እንዴ? ማታም ከጸሎት በኋላ ነው የምስበው፣ ከጸሎት በኋላ ደግሞ በአፌ ምንም አያልፍም። እንዲህ ሳደርግ ጾሙን አከበርኩ ብዬ ነበር። ያከበርኩት ድንቁርናዬን ኖሯል።

ሰበታ ያኔ እንዲህ አልነበረችም። የጅማ መንገድ ግራና ቀኙ ጤፍና ሽምብራ ነበር፤ ዛሬ በቆርቆሮ የታጠረው ሁሉ ያኔ በግንቦት ይታረስ ነበር። ከአየር ጤና በውይይት ታክሲ ስንመጣ ፊት ለፊት ተፋጠን፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን፣ የማናውቀውን ሰው የቤት ወሬ ሁሉ ሰምተን ነው የምንወርደው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በሃምሳ ሳንቲም የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ፓስቲያቸው ጣትን ያቃጥላል፣ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልለው ነው የሚሰጡን፣ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ጽሑፉን እጃችን ላይ ያትመዋል። ሰማያዊ ጋዋን እንለብሳለን፣ ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፣ ሻሻችንን ግንባራችን ላይ ጥብቅ አድርገን እናስራለን። ቢታሰርም አይረባም። ከፈረቃ ስንወጣ ቅንድባችን ሳይቀር በጥጥ ብናኝ ነጭ ነው። በሩ ላይ የሚጠብቁ ጎረምሶች «አሮጊቶቹ ወጡ!» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። እኛም «ና ልጄ፣ ሳመኝ ልመርቅህ» እንላቸዋለን። ሃያ ዓመት ያልሞላን ልጆች ነበርን። ዛሬ ፀጉሬ ጥጥ ሳይበንበት ነጭ ሆኖ አንድም የሚቀልድብኝ ጠፋ።

ጠጂቱ ከእኔ ማሽን ቀጥሎ ነበረች። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ከፋብሪካው ጀርባ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ ከልጆቻቸው ሁሉ እሷን ብቻ ነው ፋብሪካ የላኩት፣ እሷም አፏ አያርፍ ስለነበር ከበሬዎቼ ጋር አጣልታኝ ነው ይሉ ነበር። ባለቤቴ በመኪና አደጋ ሲሞትብኝ ልጄ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ፈረቃዬ የሌሊት ሲሆን ልጄ የሚያድረው እነ ጠጂቱ ቤት ነው፤ ከአማርኛው ቀድሞ ኦሮምኛ የተናገረውም ለዚህ ነው። ምሳ ዕቃችን አንድ ነበር፤ አንድ ሳምንት እሷ ትቋጥራለች፣ አንድ ሳምንት እኔ። እኔ እቤቴ ሽሮ ብቻ ሲኖር «ዛሬ ሽሮ አምሮኛል» ትላለች። እንዲህ ያለች ሰው ናት።

ዘፈኑም የመጣው ከዚያው ነው። የፈትል ማሽን ጩኸት የሰማ ያውቀዋል፤ አጠገብህ ያለው ሰው ጆሮህ ውስጥ ካልጮኸ አይሰማህም። እኔና ጠጂቱ በዚያ ጩኸት ላይ እየዘፈንን ነው የምንፈትለው፤ የእኔ ድምፅ እዚያ ተሞርዶ ነው የወጣው። ኋላ በሰፈሩ ሰርግ ሁሉ አውራጇ እኔ፣ የተቀባዮቹ አለቃ እሷ ሆንን። የአማርኛውን እኔ አወርዳለሁ፣ የኦሮምኛውን እሷ ትጀምርልኝና እኔ አነሳዋለሁ። ከአለም ገና እስከ ሰበታ ጫፍ ድረስ ሰርግ ያለበት ሰው ከድንኳን ተከራይ በፊት እኛን ነው የሚያስነግር። «ዘነቡ ካለች ሰርጉ ሰርግ ነው» ይባል ነበር። ጉራ አይደለም፤ ሰው ሌላ ነገር የለውም፣ ያለውን አንድ ነገር ይናገር እንጂ። እኔ ያለችኝ ድምፄ ነበረች።

ደረቴን የጀመረኝ ሰኞ ሰኞ ነው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድን አርፌ ሰኞ ማሽኑ ፊት ስቆም በገመድ እንደሚታሰር ይጠብቅብኛል፤ ማክሰኞ ይቀለኛል፣ ሐሙስ ይጠፋል። ሰዎች «ትናንት ጠላ አብዝታ ነው» ብለው ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ቀን መምረጡን ተወ። ሐኪም ቤት ስሄድ አስም ነው አሉኝ። ጠጂቱን እንኳን አልነገርኳትም። ለምን ብትሉ፣ ከክፍላችን አንዲት ሴት ስትስል ሰነባብታ «የሳንባ ናት»፣ ማለት ቲቢ አለባት፣ ተባለና ሰው ከአግዳሚው ላይ ቀስ በቀስ ሸሽቶ ሸሽቶ እሷን ብቻዋን ጥሏት አይቻለሁ። ሄዳ ተመርምራ አይደለችም ቢሏትም ሰው አልተመለሰላትም። አስም አይተላለፍም ብዬ ለስንቱ አስረዳለሁ? በዚያ ላይ ልጄ የሚያድረው እነሱ ቤት፣ የምንበላው ከአንድ ሳህን። ፈራሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ እስላለሁ፣ ሲነሳብኝ የምስበውን ሰማያዊ ፓፍ እዚያው ስቤ ምንም እንዳልሆነ ሰው እወጣለሁ።

ሰማያዊው ደግሞ ደረቴን ሲከፍት እጄን ያንቀጠቅጠዋል፣ ልቤን ያስጋልበዋል። ፈታይ ሴት ክር ሲበጠስ በሁለት ጣቷ ነጥቃ መቀጠል አለባት፣ ማሽኑ አይቆምላትም፤ እኔ ፓፍ በሳብኩ ቁጥር ለግማሽ ሰዓት ክር መያዝ ያቅተኝ ጀመር። ጠጂቱ የራሷን ትታ የእኔን ትቀጥላለች። «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ቡና ጠጥቼ ነው» እላለሁ። በሌላ ጊዜ ክኒን ሰጡኝ፣ እንቅልፌን ወስዶ ያስመልሰኝ ጀመር። ሌላ ክኒን ቀየሩልኝ፣ ፊቴ አብጦ ጨረቃ አከለ። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ «ውይ ዘነቡ፣ ተስማምቶሻል! ምን በላሽ?» እያለ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። ሞቼ ነው ያለሁት፣ ሰው ወፈረች ብሎ ይመርቀኛል። ሳቄም ልቅሶዬም መጣ። በመጨረሻ ነው ያ ቡናማው ፓፍ የመጣው፤ በየቀኑ የሚሳብ፣ ሳይነሳብኝ በፊት የሚከላከል። እውነቱን ለመናገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረቴ እንደ ልጅነቴ ሆነ። ደረጃ ወጥቼ አልቆምም። ተመስገን አልኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፣ ጾሙ ገብቷል፣ የጠጂቱ የመጀመሪያ ልጅ ለሊሴ ደግሞ በጥር ልትዳር ነው።

ለሊሴን አንቀልባ ላይ አውቃታለሁ፤ ገና በሦስት ዓመቷ «የኔን ሰርግ ማን ይዘፍናል?» ብላ ስትጠይቅ «አክስትሽ ዘነቡ» እየተባለች ያደገች ልጅ ናት። ጠጂቱ ለሰርጉ ቀሚሱን ስታሰፋ፣ እህሉን ስታስፈጭ፣ ስለ ዘፈኑ አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ የሚነሳ ነገር አልነበረማ። ገና ሲያልፍ ግን ምላሴ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ጉሮሮዬ ቆሰለ። ድምፄ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ኋላ ቀኑን ሙሉ ሻከረ፣ ኋላም ጨርሶ ጠፋ፤ ስናገር እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ነው የምሰማው። መድኃኒቱ ነው ብዬ ወረወርኩት። ዝንጅብል በማር፣ ተልባ፣ ዳማከሴ፣ ያልሞከርኩት የለም። ድምፄ ሳይመለስ ደረቴ ቀድሞ ተመለሰና ያዘኝ። ሰርጉ አራት ቀን ቀረው።

የሰርጉ ዕለት ሄድኩ። ምን ተስፋ አድርጌ እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግዜር በመጨረሻዋ ሰዓት ይሰጠኛል ብዬ ይሆናል። አዲስ የተሰፋ ቀሚሴን ለብሻለሁ። የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ እያሰሙ ሲመጡ ሴቶቹ ሁሉ በሩ ላይ ተደርድረው ወደ እኔ ዞሩ። ጠጂቱ ላብ በላብ ሆና ከወጥ ቤት እየሮጠች መጥታ «በይ ዘነቡ!» አለች፣ ፊቷ ደስታ በደስታ ነው። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ ሲር የሚል ነገር። እንደገና ሞከርኩ። አንዷ ልጅ ሳቀች። ያን ጊዜ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሰውን ገፍቼ በጓሮ ወጣሁ፤ ከኋላዬ ሌላ ሴት ዘፈኑን ስትጀምረው፣ ሰዉም ሲቀበላት እየሰማሁ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። መሮጥ እንኳ አልቻልኩም፣ ሦስት ጊዜ አጥር ይዤ ቆሜያለሁ።

በማግስቱም አልሄድኩም፣ መልሱም ላይ አልነበርኩም። ሰው ተላከብኝ፤ «አልተመቸኝም በሏት» ብዬ መለስኩ። ሰርጉ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ጠጂቱ ራሷ መጣች። በሩን አንኳኳች። «ዘነቡ! ማል ታቴ? ምን ሆንሽብኝ?» አለች። እኔ ከበሩ ወዲህ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሳሌ እንዳይሰማ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ይዤዋለሁ። ብከፍት ነጩን አፌን ታያለች፣ ማፏጨቴን ትሰማለች፣ የሳንባ ናት ትላለች፣ ልጄን ትመልስልኛለች ብዬ ነው። ደጋግማ ጠራችኝ። ከዚያ ዝም አለች፣ ግን አልሄደችም። ረጅም ጊዜ ቆማ ቆማ ነው የሄደችው። እኔ በሩን አልከፈትኩም። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ እሱን ነው የምጠላው።

ሰኞ ፋብሪካ በር ላይ ተያየን። እሷ ፊቷን አዞረች። በዚያው ወር ፈረቃዋን ለወጠች፤ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። ሰፈሩም የራሱን ተርጉሞ አውርቷል፤ ቀንታ ነው፣ ቂም ይዛ ነው፣ ዋጋዋን አስወድዳ ነው ተባለ። አንዱንም አላስተባበልኩም። ጥቂት ዓመት ቆይቼ በሕመም ጡረታ ወጣሁና ልጄም አድጎ የድንጋይ ካባ ላይ ሥራ ስላገኘ ተከትዬው ቡራዩ ገባሁ። ቡራዩ ሰዉ ደግ ነበር፤ የአከራያችን ሚስት ሐጂያ ከሱቋ ማር በነጻ ትሰጠኝ ነበር። ግን ድንጋይ የጫነ መኪና ቀኑን ሙሉ በደጃችን ያልፋል፣ አቧራው ከአልጋ ልብስ በታች ሳይቀር ይገባል። አምስት ዓመት ታገልኩትና ልጄ እዚህ ሱሉልታ ሁለት ክፍል ሠራልኝ። አየሩ ንጹሕ ነው ተባለ። እውነት ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ በኅዳርም ሣሩ ሲታጨድ በሬንም መስኮቴንም በጨርቅ ወትፌ እቀመጣለሁ እንጂ።

ልጄ አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያ ነው። «እማዬ፣ ነይ» ይለኛል፤ ሦስት ቀን ሞክሬያለሁ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ላይ የአንዱ ቤት ከሰል፣ የሌላው ቤት ቀለም፣ የሦስተኛው ሽቶ ይጠብቀኛል። ምራቴ መልካም ልጅ ናት፣ ሽቶዋን ደብቃልኝ ነበር፤ ጎረቤቱን ሁሉ ግን መደበቅ አትችልም። በአራተኛው ቀን በአምቡላንስ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጆቼን የማውቃቸው በስልክ ነው፤ ትንሿ «አያቴ ስልክ ውስጥ ነው የምትኖረው» ትላለች አሉ። እዚህም ቢሆን ለቅሶ ቤት ብዙ አልቀመጥም፣ አቧራና ጭስ ያለበት ድግስ አልሄድም፣ ሰው ኩሩ ናት ይለኛል። ሬዲዮ አለኝ። ሬዲዮ ሲያወራ እመልስለታለሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከሬዲዮው በቀር ከማንም ጋር ሳላወራ ይመሻል። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ ለሰው ሲነግሩት ደግሞ ምሬት ይመስላል፣ ስለዚህ አይነገርም።

ነርሷ ከጠየቀችኝ ማግስት የአሁኑን የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ የድሮው ካረፉ ቆይተዋል። እኚህ ልጅ ናቸው፣ ከልጄም ያንሳሉ። «ተጉመጥምጦ መትፋት ምን ነውር አለው? ለመድኃኒት ነው፣ ሕመምተኛ ነዎት» አሉኝ። «እንዲያው ዝም ብሎ ይቻላል?» «ይቻላል። ለምን ያኔ አልጠየቁም?» መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትም ማታም በዚያች ፕላስቲክ እየሳብኩ፣ እየተጉመጠመጥኩ፣ እየተፋሁ ጾሙን ጨረስኩ። አፌ አልቆሰለም። ደረቴ ተከፈተ። ከገና ወዲያ አንድ ጠዋት የጎረቤት አህያ ጎመኔን ሲግጥ አይቼ «ሂድ ወዲያ!» ብዬ ስጮህ ድምፄ ሙሉውን ወጣ። አህያው ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁን እኮ ለጠጂቱ ልነግራት እችላለሁ አልኩ፤ ቀንቼ እንዳልነበር፣ ቂም እንዳልነበረኝ፣ ነገሩ ሁሉ አንድ ጉንጭ ውሃ እንደነበር። ደግሞም እሷ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። በዚህ ዕድሜ አንድ ሳምንት ማዘግየት እንኳ ያስፈራል።

በጥር አንድ ማክሰኞ ተነሳሁ። ከሱሉልታ በእንጦጦ ወርጄ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ መርካቶ፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከዚያ ሰበታ፤ አራት ታክሲ። አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኛለሁ፣ ሰማያዊው ፓፍ በጡቶቼ መካከል ነው። ሰበታን ብወርድባትም አላወቅኋትም። ፓስቲ የሚሸጥበት ቦታ ባንክ ሆኗል። ሁለት ሰው ጠይቄ፣ «በርበሬዋ ጠጂቱ ናት?» ብለውኝ፣ በርበሬው ምን እንደሆነ ሳይገባኝ መሩኝ። ኦቦ ቶሎሳ ያርሱበት የነበረው መሬት ሁሉ አጥር ሆኖ አንድ ግቢ ብቻ ቀርቷል፤ በሩ በከፊል ተከፍቷል፤ «በርበሬዋ» ያሏት ለምን እንደሆነ ገና ሳልደርስ ገባኝ። ግቢው ሙሉ ሸራ ነው፣ ሸራው ሙሉ በርበሬ። ከወዲያ ጥግ ሁለት ሴቶች በሙቀጫ ይወቅጣሉ። ነፋሱ ወደ እኔ ዞረ፤ ማስኩ ምን ያደርጋል፣ የበሩን መቃን ይዤ ሳል ጀመርኩ፣ ዓይኔ ጠፋ።

«ማን ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት። ወፍራለች፣ ዱላ ይዛለች፣ አፏን በሻሽ አስራለች። ማስኬን አወረድኩ። ቆማ አየችኝ፣ አየችኝና «ዘነቡ?» አለች። መልስ መስጠት አልቻልኩም፣ እስላለሁ። እሷ ግን አልተጠጋችኝም፤ ወደ ኋላ ዞራ «ውቀጣውን አቁሙ! በርጩማ ወደ ውጭ አውጡ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ጠፋች። እኔ መንገዱን ተሻግሬ አንድ ዋርካ ሥር ቆሜ ፓፌን ሳብኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልቤ ጋለበ። ስትመለስ ፊቷንና እጇን ታጥባ፣ ቀሚሷን ለውጣ ነው የመጣችው፤ ፀጉሯ እንኳ በውሃ ርሷል። በርበሬ እንዳትሸተኝ ነው። አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

በርጩማዎቹ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት። አስሙን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ክሩን ስትቀጥልልኝ የዋሸኋትን፣ ቡናማውን ፓፍ፣ ጾሙን፣ ሳልጉመጠመጥ መቅረቴን። ዘፈኑን በክፋት እንዳላስቀረሁባት ማልኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ «ሃያ ዓመት ሙሉ! ለመጉመጥመጫ ውሃ!» ብላ ጭኗን መታች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ ዘፈን ቀረብኝ ብዬ የተቀየምኩሽ መሰለሽ?» አለችኝ። «አልነበረም እንዴ?»

«ዘነቡ፣ ደጅሽ ላይ ስቆም ስትተነፍሺ እሰማሽ ነበር። ከበሩ ሥር ነበርሽ። ሲር ሲር ይላል። ትሞትብኛለች ብዬ ስፈራ፣ በሩን ልስበረው አልስበረው ስል ቆሜ ቆሜ፣ አንቺ አልከፈትሽም። ቤቴ ገብቼ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ሰኞ በሁለት እግርሽ ቆመሽ ፋብሪካ በር ላይ ሳይሽ ያን ጊዜ ተናደድኩ። ለእኔ አልከፍትም ብላ ነው እንጂ አልሞተችም አልኩ።»

ሃያ ምናምን ዓመት ተጠንቅቄ የያዝኩት ማብራሪያ ማንም ላልጠየቀኝ ነገር ነበር። «ማሪኝ» አልኳት። «ዱሮ ነው፣ ተይው፤ ምሬሻለሁ» አለችና በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠራረገች። ለሊሴ ሦስት ልጆች አሏት፣ አዳማ ናት፤ የጠጂቱ ባል ከሞተ ስድስት ዓመቱ፣ ሌሎቹ ልጆቿም ተበትነዋል፤ ቀን ቀን ከሚወቅጡላት ሴቶች በቀር በግቢው ሰው የለም። በርበሬው ነው የሚያኖራት። «በይ ያን ዘፈን አሁን አምጪው» አለችኝ። «እዚህ መንገድ ላይ?» «ሌላ የት አለን?» ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ።

የጠጂቱ ልጅ ሙሽራ፣ ውጪ ይይሽ ሀገር፣
ያሳደገሽ ደጃፍ በደስታ ይናገር።

ተቀበለችኝ። ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሁለት ቦታ ላይ ተሰብሮብኛል፣ ትንፋሼም ሦስተኛውን ዙር አላደረሰኝም። ግን ድምፅ ነበር። አንድ ባጃጅ ቆሞ ጥሩምባ ነፋልን፤ ጠጂቱ ዱላዋን አነሳችበት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ተነሳሁ። አራት ታክሲ አለብኝ። እጄን ያዘችኝ። «የት ትሄጃለሽ? አስ ቡሊ፣ እደሪ» አለች። «ሁለት ክፍል ባዶውን ነው። እኔም ብቻዬን ነኝ። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ከፈለግሽ ለሁልጊዜ።» ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ለሁልጊዜ ያለኝ ሰው የለም። ወደ ግቢው ዞሬ አየሁ። ሸራው እንደተዘረጋ ነው፣ ግድግዳው ሳይቀር ቀልቷል፤ ነፋሱ ትንሽ ሲያመጣልኝ ደረቴ ወዲያው ጠበቀ። እሷም አየችኝ። ሸራውን ልታነሳው አትችልም፤ ያ በርበሬ እንጀራዋ ነው።

«ጠጂዬ፣ አልችልም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ዱላዋን ይዛ ተነሳችና በሩን ወለል አድርጋ እንደከፈተችው ትታው ወደ ታክሲው ሸኘችኝ።